በጨረር ሕክምና ላይ ያለ የጉሮሮ ሕመምተኛን ስለ ማስታመም



በአርሲ ደጋ፥ ከጭላሎ ተራራ ሥር ከአሰላ ጀምሮ እስከ በቆጂ ድረስ ባለው የገብስና የስንዴ አገር፥ አንድ ትልቅ ሰው በማዕድ ላይ ሳለ «እንጀራው አልወርድ አለኝ» ቢል፥ ቤተሰቡ ነገሩን አቃልሎ አያየውም። በዚያ አገር ብዙ ቤት ያውቀዋልና። መጀመሪያ የሚያንቀው ቂጣና ሥጋ ነው፤ ቀጥሎ እንጀራው፥ ከዚያም ገንፎው፥ በመጨረሻ ውሃው ራሱ አልወርድ ይላል። ሰውነትም ከቀን ወደ ቀን ይከሳል። ይህ ደዌ ቀድሞ ነቀርሳ ሲባል የኖረው፥ ዛሬ በሐኪሞች አነጋገር የጉሮሮ ካንሰር የሚባለው ነው። የሚይዘውም ድምፅ የሚወጣበትን ማንቁርት ሳይሆን፥ ከጉሮሮ ተነሥቶ በደረት ውስጥ አልፎ እስከ ጨጓራ የሚደርሰውን የምግብ ቧንቧ ነው።

በሽታው በአርሲና በጎረቤቷ በባሌ በብዛት መታየቱን የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። የውጭ ሊቃውንትም ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፥ በታንዛንያና በማላዊ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቅ የዚህ ደዌ መስመር እንዳለ ያስረዳሉ። ትምባሆና የአልኮል መጠጥ በሽታውን ከሚያመጡት ነገሮች መካከል መሆናቸው የተረጋገጠ ነው። ከዚህም ሌላ የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም.፥ ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ማዘውተር ለዚህ ደዌ ሳያጋልጥ እንደማይቀር አስታውቋል። ስለዚህ ገንፎውንም ቡናውንም ከምድጃ እንደ ወረደ ከመጉረስና ከመጠጣት፥ ጥቂት አብርዶ መውሰድ ለሁሉም ቤት የሚበጅ ምክር ነው።

በዚህ ወር ግን የምንነጋገረው ስለ በሽታው መነሻ ሳይሆን ስለ ሕክምናው ነው። ይልቁንም ሕክምናው ራሱ በሕመምተኛው ላይ ስለሚያመጣው ጭንቅ ነው። ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስንት ደክሞ፥ ስንት ገንዘብ አውጥቶ፥ ስንት ወረፋ ጠብቆ ጨረር የጀመረ ሕመምተኛ፥ መንገዱን እኩሌታ ከሄደ በኋላ ሕመም ሲጸናበት «ሕክምናው ሊገድለኝ ነው፤ ወደ ቤቴ መልሱኝ» የሚልበት ጊዜ አለ። በዚያን ሰዓት ቤተሰቡ የሚሰጠው መልስ ከመድኃኒቱ የማያንስ ዋጋ አለው። መልሱን በማስተዋል መስጠት የሚችለውም የሚመጣውን አስቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ ነው።

ሁለቱ ሕክምናዎች በአንድነት የሚሰጡበት ምክንያት

ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1895 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ኤክስ ሬይ የሚባለውን ጨረር ካገኘ ወዲህ፥ ጨረር በሽታን ለማየት ብቻ ሳይሆን በሽታን ለማጥፋትም ማገልገል ጀመረ። በ1951 ዓ.ም. በዚያው አቈጣጠር በካናዳ አገር ኮባልት በሚባለው ማዕድን የሚሠራ መሣሪያ ለሕክምና ዋለ። በአገራችንም የጨረር ሕክምና በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1990 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው በዚሁ በኮባልት መሣሪያ ነበር። ለብዙ ዓመታት መላው አገር በዚያ በአንድ ስፍራ ሲጠቀም ከቆየ በኋላ፥ በቅርብ ዓመታት በጅማና በሐረርም ሕክምናው ተጀምሯል።

ጨረሩ የሚሠራው ሥራ በአጭሩ ይህ ነው። በማይታይ ኃይሉ ወደ ሕዋሳት ውስጥ ዘልቆ የመራቢያቸውን ሥር ይሰብራል። የካንሰር ሕዋስ የተሰበረውን መጠገን አይሆንለትም፤ ጤነኛው ሕዋስ ግን ጊዜ ካገኘ ይጠግናል። መጠኑ በአንድ ቀን ሁሉ የማይሰጠውና በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚከፋፈለው ስለዚህ ነው። ከጨረሩ ጋር በደም ሥር የሚሰጠው ኬሞቴራፒ የተባለው መድኃኒት ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው፤ በሰውነት ውስጥ የተበተነውን የካንሰር ዘር ያሳድዳል፥ ደግሞም ዕብጠቱን ለጨረሩ ያዳክመዋል።

ሁለቱን ማጣመር ሸክም እንደሚያከብድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጥቅሙም ተመዝኗል። በአሜሪካ በተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት ከፊሎቹ ሕመምተኞች 64 ግሬይ የሚሆን ጨረር ብቻውን ተሰጣቸው፤ ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው። ሌሎቹ ደግሞ 50 ግሬይ ብቻ ከመድኃኒት ጋር ተቀበሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲቈጠር፥ ሁለቱን አጣምረው ከተቀበሉት ከመቶው 26 የሚሆኑት በሕይወት ነበሩ፤ ጨረር ብቻ ከተሰጣቸው ግን አንድም አልተረፈም። ውጤቱ ታትሞ የወጣው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ነው።

በሆላንድ አገር ተደርጎ በ2012 ዓ.ም. በዚያው አቈጣጠር የታተመው ሌላ ጥናት፥ ከቀዶ ሕክምና አስቀድሞ 41.4 ግሬይ በ23 ቀን ተከፍሎ፥ በየሳምንቱም ሁለት መድኃኒቶች ተጨምረው ቢሰጡ ምን እንደሚሆን መረመረ። ወዲያው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው እኩሌቶቹ በሕይወት የቆዩት እስከ 24 ወር ሲሆን፥ ጨረርና መድኃኒት ከቀደመላቸው ግን እኩሌቶቹ እስከ 49 ወር ድረስ ቆይተዋል። በተለይ በአርሲ በብዛት የሚታየው ዓይነት ካንሰር ከነበረባቸው መካከል፥ ቀዶ ሕክምናው በተደረገ ጊዜ ከመቶው 49 በሚሆኑት የካንሰር ዘር በተቈረጠው ክፍል ሳይገኝ ቀርቷል። እነዚህ ሕመምተኞች በጊዜ የተገኙና ሰውነታቸው ገና ያልተጐዳ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። ቢሆንም ቤተሰቡ የሚታገሠው ሥቃይ ለከንቱ እንዳልሆነ ቊጥሩ ይመሰክራል።

ሕመሙ የሚመጣበት ጊዜና ቅደም ተከተል

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብዙ ጊዜ በደኅና ያልፋሉ። ጨረሩ ሲሰጥ አያቃጥልም፤ አይወጋም፤ ሕመምተኛው ለጥቂት ደቂቃ ተጋድሞ ይነሣል። ከዚህ የተነሣ «ይህማ ምን አለው» ይባላል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወይም በሦስተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ይለወጣል። የምግብ ቧንቧ የውስጥ ሽፋን በተፈጥሮው ዘወትር እየተላጠ በአዲስ የሚተካ ነው። ጨረሩ አዲሱ እንዳይተካ ሲያደርገው አሮጌው አልቆ ሥጋው ይራቈታል። በዚያን ጊዜ ሕመምተኛው ሲውጥ እሳት የወረደበት ያህል ያቃጥለዋል፤ ደረቱን ከፊት እስከ ጀርባ ይወጋዋል፤ አፉ በወፍራም ዝልግልግ ምራቅ ይሞላል።

እዚህ ላይ ቤተሰቡ በብዙ ይሳሳታል። በሽታው የባሰበት ይመስለዋልና። እውነቱ ግን ይህ ነው፤ ቍስሉ የተነሣው ከጨረሩ ሲሆን፥ በተመሳሳይ ሰዓት ዕብጠቱ እየሟሸሸ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ እስከ ሕክምናው ፍጻሜና ከዚያም በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ያህል እየጸና ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀለለ ይመጣል። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው መከራ መሆኑን ማወቅ ራሱ ትልቅ ማጽናኛ ነው።

ድካምም አብሮ ይመጣል። ይህ እንቅልፍ የሚፈታው ዓይነት ድካም አይደለም። ከሳምንት ወደ ሳምንት ይከማቻል፤ ሕክምናው ካለቀም በኋላ ለጥቂት ወራት ሊቆይ ይችላል። ሕመምተኛውን «ተነሥ፥ አትስነፍ» እያሉ መገሠጽ አይገባም፤ ደግሞም ቀኑን ሁሉ አስተኝቶ ማዋል አይጠቅመውም። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መራመድ ያበረታዋል።

ቆዳውም ጨረሩ በሚገባበትና በሚወጣበት በደረትና በጀርባ ይጠቍራል፤ ይደርቃል፤ ያሳክካል። ከመድኃኒቱ ደግሞ ማቅለሽለሽ፥ ማስታወክ፥ የደም ማነስ ይመጣል፤ እንደ መድኃኒቱም ዓይነት የራስ ጠጕር መርገፍ፥ የጆሮ ጩኸት ወይም የእጅና የእግር ጣት መደንዘዝ ሊኖር ይችላል። በደጋ አገር እግሩ የደነዘዘበትን ሰው ከምድጃ ዳር ስናስቀምጥ እንጠንቀቅ፤ እግሩ ሲቃጠል ላይሰማው ይችላልና።

ሕክምናን ማቋረጥ የሚያስከትለው ጉዳት

የሦስተኛው ሳምንት ሥቃይ ሲመጣ ብዙው ሰው «ጥቂት ዐርፌ እመለሳለሁ» ይላል። የአርሲ ገበሬ ይህን ከእርሻው ሊረዳው ይችላል። ስናር የወረሰውን የስንዴ ማሳ እኩሌታውን አርሞ እኩሌታውን ትቶ የሄደ ሰው፥ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለስ የቀረው አረም ያን ባዶ ስፍራ ሁሉ ሞልቶት ያገኘዋል። የካንሰርም ሕዋስ እንደዚሁ ነው። ከጨረሩ የተረፈው ፋታ ባገኘ ጊዜ ከቀድሞው በፈጠነ አኳኋን ይራባል፤ የቀሩት ቀናት ኋላ ቢሰጡም የፊተኛውን ያህል አይሠሩም። ስለዚህ ሕክምናውን ማቋረጥ ያለ ሐኪም ፈቃድ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ራሱ የደሙን ቊጥር አይቶ መድኃኒቱን ሊያዘገየው ወይም ሊያስቀረው ይችላል፤ ይህ ግን የእርሱ ፈንታ ነው።

ከአሰላ አዲስ አበባ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጨረሩም ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ለአምስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ እየተመላለሱ መታከም የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ቤተሰቡ ከመነሣቱ አስቀድሞ ተሰብስቦ ይምከር። ማደሪያው ከዘመድ ቤት ነው ወይስ በኪራይ? የሚያስታምመው ማን ነው? ሁለተኛው አስታማሚ በስንተኛው ሳምንት ይተካዋል? የመኸሩ ሥራ ቢደርስ እርሻውን ማን ይይዛል? በዕድርና በማኅበር ያሉ ጎረቤቶች በሐዘን ቀን ብቻ ሳይሆን በሕመም ቀንም ሊረዱ ይችላሉ። ሕክምናው በሦስተኛው ሳምንት የሚቋረጠው በሥቃይ ብቻ ሳይሆን ስንቅና አስታማሚ በማጣትም ነውና።

ስለ ምግቡ

በዚህ ሕክምና ጊዜ ምግብ እንደ መድኃኒት ይቈጠራል። ሰውነቱ በጣም የከሳ ሕመምተኛ ጨረሩንም መድኃኒቱንም መቋቋም ያቅተዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን ይመዘን፤ ክብደቱም ይጻፍ።

የሚሰጠው ሁሉ ለስላሳና ለብ ያለ ይሁን። ትኩስም በጣም ቀዝቃዛም አይስማማውም። በአርሲ ቤት የማይጠፋው ገብስና አጃ እዚህ ላይ ዋና ረዳት ነው። በወተት የተሠራ ቀጭን አጥሚት፥ በደንብ ተነፍቶ የተበጠበጠ በሶ፥ በወተት ተልሞ የተፈጨ ድንች፥ ያለ በርበሬ የተጠበሰ ለስላሳ ዕንቍላል፥ የዶሮ መረቅ፥ ያልኮመጠጠ እርጎ፥ ሙዝ፥ ፓፓያ፥ አቮካዶ ይስማሙታል። ወተቱ የፈላ ይሁን፤ ጥሬ ሥጋም ከቶ አይቅረብ፤ መድኃኒቱ የሰውነትን ወታደሮች የሚያሳንስበት ጊዜ ነውና። ኃይል እንዲኖረው በአጥሚቱ ላይ ጥቂት ቅቤ ወይም የኦቾሎኒ ቅቤ መጨመር ይጠቅማል።

በርበሬና ሚጥሚጣ፥ ሎሚና ብርቱካን፥ ቆሎና ደረቅ ቂጣ፥ የኮመጠጠ እንጀራ ቍስሉን ይፈጃሉ። ጠላ፥ ጠጅ፥ አረቄ፥ ትምባሆና ጫት ፈጽሞ ይወገዱ። «ጉሮሮውን ይጠርግለታል» ብሎ አረቄ የሚያቀምስ ወዳጅ ቢመጣ፥ በትሕትና ነገር ግን በቍርጥ ይከልከል።

ሦስት ጊዜ ብዙ ከማቅረብ ይልቅ በቀን ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይቅረብለት። ሐኪሙ ያዘዘው የሚጠጣ የሕመም ማስታገሻ ካለ ከምግቡ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ይሰጠው፤ ሕመሙ ከጸና በኋላ ከመሯሯጥ አስቀድሞ መከላከል ይሻላልና። ማስታገሻው ካልበቃ ለሐኪሙ ይነገር፤ ከዚያ የጠነከረ አለ። «መድኃኒት ይለምድበታል» ብሎ በሥቃይ ማስራብ ትልቅ ስሕተት ነው። ከበላ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ሌሊትም ራሱን ከፍ አድርጎ ይተኛ። አፉን ጥቂት ጨው በገባበት ለብ ያለ ውሃ በቀን ደጋግሞ ያጕመጥምጥ። በምላሱና በላንቃው ላይ ነጭ ሽፋን ቢወጣ መድኃኒት ያለው ነውና ያሳይ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ውሃ እንኳ ካልወረደለት፥ ሐኪሞች በአፍንጫው ወይም በሆዱ በኩል ቀጭን የምግብ ቱቦ ሊያስገቡለት ይችላሉ። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሞት ዋዜማ ምልክት አድርጎ ይፈራዋል። ነገሩ ግን ወንዝ ሲሞላ እንደሚጣል ድልድይ ነው፤ ቍስሉ እስኪድን ያሻግራል፥ ከዚያም ይነሣል።

ስለ ጾም፥ ስለ ጠበልና ስለ ማተብ

በክርስቲያን ቤት ሦስት ጥያቄዎች ሳይነሡ አይቀሩም። የመጀመሪያው የጾም ነገር ነው። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ይህም ከሕክምናው ዘመን ጋር ሊገጥም ይችላል። ጾም ለጤነኛ የተሠራ ሥርዓት መሆኑንና ሕመምተኛ በንስሐ አባቱ ምክር ከእርሱ እንደሚያርፍ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። ስለዚህ ሕመምተኛው ከአሰላ ሳይነሣ የንስሐ አባቱን ጠርቶ ይማከር፤ ፈቃዱንም ከአንደበታቸው ይስማ። ብዙ ሽማግሌዎችና እናቶች ወተትና ዕንቍላሉን የሚገፉት ባለመቻል ሳይሆን ኅሊናቸው ስለሚከሳቸው ነውና፥ የካህኑ አንድ ቃል ከቤተሰቡ ብዙ ልመና ይበልጣል። የጾም ምግብ ካልሆነ አልቀምስም ለሚል፥ የሱፍ ወተት፥ በደንብ የተጠለለ ተልባ፥ ያለ በርበሬ የተሠራ ቀጭን ሽሮ፥ በኦቾሎኒ የተሠራ አጥሚት አለለት፤ ሰዓት መጠበቅ ግን አይገባውም። በረመዳን ወራት የሚታከሙ እስላም ጎረቤቶቻችንም ከሃይማኖት አባቶቻቸው ጋር እንዲሁ ቢመክሩ ይበጃቸዋል።

ሁለተኛው የጠበል ነገር ነው። ጸሎትና ጠበል ከሐኪም ሕክምና ጋር አይጣሉም። ነገር ግን «ጠበል ልግባ» ብሎ የጨረሩን ቀናት ማቋረጥ ከላይ የተናገርነውን ጉዳት ያመጣል። ደግሞም ጨረሩ በየቀኑ በአንድ ስፍራ ብቻ እንዲያርፍ ባለሙያዎቹ በደረቱ ላይ በቀለም ምልክት ያደርጋሉ። ይህ ምልክት ታጥቦ ከጠፋ ሥራው ይታወካልና፥ በመጠመቅም ሆነ በመታጠብ ጊዜ እንዳይፋቅ ይጠንቀቁ፤ ቢደበዝዝም ራሳቸው አይቀቡት፥ ለባለሙያዎቹ ይንገሩ።

ሦስተኛው የማተብ ነገር ነው። ጨረሩ በአንገትና በላይኛው ደረት በሚያልፍበት ሰው፥ ጠባብ ማተብ የቆሰለውን ቆዳ ይፈትጋል። ክሩ ላልቶ ይታሰር፤ ከብረት የተሠራው መስቀል ደግሞ በሕክምናው ሰዓት ወልቆ አስታማሚው ይያዘው። በቆዳው ላይ ቅቤ፥ ቅባት፥ ሽቶ ወይም የባህል መድኃኒት አይደረግ፤ ሐኪሙ የፈቀደው ቅባት ብቻ ይበቃል። ለስላሳ የጥጥ ልብስ ይልበስ፤ ከፀሐይም በነጠላ ይከለል።

ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሱ ምልክቶች

እስካሁን የዘረዘርነው በትዕግሥትና በማስታመም የሚታለፍ ነው። የሚከተሉት ግን እስኪነጋ እንኳ አይቈዩም። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ብርድ ብርድ ብሎት ከተንቀጠቀጠ፥ የደሙ ወታደሮች ባነሱበት ሰዓት መርዝ ደሙ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላልና፥ ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ይወሰድ፤ በደረሰም ጊዜ «የካንሰር መድኃኒት እየወሰደ ነው» ተብሎ አስቀድሞ ይነገር። ደም ቢያስታውክ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ቢጠቍር፤ ውሃ በጠጣ ቍጥር ትን ብሎት ቢያስል፤ ድንገት ጽኑ የደረት ውጋት ወይም የትንፋሽ ማጠር ቢመጣ፤ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ፈሳሽ ካልወረደለት ወይም ሽንቱ ቢያንስና ቢጠቍር፥ ይህ ሁሉ የሐኪም ነገር ነው።

ከሕክምናው በኋላ

ሕመምተኛው ወደ አሰላ ከተመለሰ በኋላም ሁለት ነገሮች ሊያስደነግጡ ይችላሉ። አንደኛው ከአንድ እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ደረቅ ሳል፥ ትንፋሽ ማጠርና ጥቂት ትኩሳት ሊነሣ ይችላል። ይህ ጨረሩ የነካው ሳንባ ሲቈጣ የሚመጣ ነው፤ ለብቻው የሆነ መድኃኒትም አለው። በቤት «ብርድ መታው» ይባላል፤ በሆስፒታልም ቢሆን የሳንባ ምች ወይም የሳንባ ነቀርሳ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው ጨረር መቀበሉን የሚገልጸውን ወረቀት በቤቱ አኑሮ፥ ወደ ማናቸውም ሐኪም ሲሄድ ይያዘው።

ሁለተኛው፥ ከወራት በኋላ እህሉ እንደገና አልወርድ ሊል ይችላል። ይህን ያየ ቤተሰብ «በሽታው ተመለሰ» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል። ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የዳነው ቍስል ጠባሳ ሠርቶ ቧንቧውን አጥብቦት ሊሆንም ይችላል። ጠባሳ ከሆነ ሐኪሞች በመሣሪያ ያሰፉታል፤ ሰውየውም ተመልሶ ይበላል። የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው። ስለዚህ በቤት ተቀምጦ ከማልቀስ መሄድ ይሻላል።

ዘግይቶ ለመጣ ሕመምተኛስ? አብዛኛው ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው «ጨጓራ ነው» ሲባል ከርሞ፥ በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ አጠር ያለ ጨረር፥ ወይም መንገዱን ከፍቶ የሚይዝ ከብረት መረብ የተሠራ ቱቦ ሊሰጠው ይችላል። ዓላማው ደዌውን ማጥፋት ሳይሆን ምራቁን እንዲውጥ፥ አጥሚቱን እንዲጠጣ፥ ሥቃዩም እንዲቀልለት ነው። ቤተሰቡ ከመጀመሪያው «ይህ ሕክምና ለማዳን ነው ወይስ ለማስታገሥ?» ብሎ ሐኪሙን ይጠይቅ። መልሱን ማወቅ ስንት ቀን ከቤት መራቅ፥ ምን ያህል ገንዘብ መበደርና ስንት በሬ መሸጥ እንደሚገባ በሰከነ ልብ ለመወሰን ይረዳል። ሕመምተኛውም እውነቱን ለማወቅ የፈለገ እንደ ሆነ ከእርሱ መደበቅ አይገባም፤ ኑዛዜውንም ንስሐውንም ጊዜ ሳለ እንዲያደርግ ነውና።

በመጨረሻ ስለ አንድ ስሕተት እንናገር። በአንዳንድ ቤት ጨረር የተቀበለ ሰው ጨረሩ ወደ ሌላው ይተላለፋል ተብሎ ይፈራል፤ ልጆች ከአጠገቡ ይርቃሉ፤ ዕቃውም ለብቻው ይደረጋል። ይህ ፈጽሞ ትክክል አይደለም። ከውጭ በመሣሪያ የሚሰጠው ጨረር መሣሪያው ሲዘጋ ያበቃል፤ በሰውየው ገላ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ካንሰሩም ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ወይም በማዕድ አይተላለፍም። እንግዲህ አባት የልጅ ልጁን ይቀፍ፤ እናትም ከልጆቿ ጋር በአንድ ማዕድ ትቀመጥ። ምግቡ የእርሷ አጥሚት የእነርሱ እንጀራ ቢሆንም፥ ብቻዋን ከምትጠጣው ሁለት ስኒ በልጆቿ መካከል ሆና የምትጠጣው ሦስት ስኒ ይሆናልና።

በየቤቱ በዚህ ደዌ የተያዙትን ሁሉ እግዚአብሔር ይማርልን፤ ለሚያስታምሙትም ጽናቱን ይስጥልን።